የፈታሁት ዙርባ

ሐረር ጀጎል ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው ሁሉ መድኃኒት ያውቃል። ዘቢባ ድምፅዋ ከጠፋ ስምንት ወሩ ነው፤ በእነዚህ ስምንት ወራት በሱቄ በር ያለፈ ሁሉ ቆም ብሎ አንድ ነገር አዝዞላት ሄዷል። አንዷ ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ሌላዋ የዶሮ መረቅ፣ አንዱ ደግሞ ከደነገጠች ይለቃታል ብሎ ከኋላዋ ቆርቆሮ ጣለባት። እሱን መቀስ ይዤ አባርሬዋለሁ። አንዲት የማኅበር ጓደኛዬ ጸበል በጀሪካን ይዛ መጣች። ኧረ በመድኃኔዓለም፣ መጀመሪያ ሻርፗን አታዪም፣ ልጅቷ እስላም ናት አልኳት። እሱስ ቢሆን ምን ይጎዳታል ብላ ጀሪካኑን ትታልኝ ሄደች።

እኔ ሥርጉት እባላለሁ። መኪና ግርግር ላይ ከተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች መሃል ያለሁ አንዲት ሴት ነኝ። ያ ሁሉ የስፌት መኪና አንዴ መጮህ ከጀመረ ሰው የሚሰማህ ከጮህክ ብቻ ነው፤ ዝም ካልክ ደንበኛህን ጎረቤትህ ይወስደዋል። ስለዚህ ጮክ ብሎ መናገር ለእኔ እንደ መቀስና እንደ ሜትር የሥራ ዕቃ ነው። ደግሞ ሌላም ምክንያት አለኝ። ባሌ ሳህሉ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር አንድ ወሬ አስጨርሶኝ አያውቅም። «አፍሽን ያዢ» ነበር የቤት ስሜ። እሱ ካረፈ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ከተዝካሩ ማግስት ጀምሮ የቀሩብኝን ወሬዎች እየጨረስኩ ነው፤ ገና ብዙ ይቀረኛል።

ዘቢባ የድሬ ጠያራ ገጠር ልጅ ናት። እናቷ ፈቲያ ለእናቴ፣ ኋላም ለእኔ፣ ወተት ስታመላልስ ሃያ ዓመት ኖራለች። ከመሞቷ በፊት አንድ ቀን የወተቱን ዕቃ በሬ ላይ አስቀምጣ፣ ይቺን ልጅ አንድ ነገር ካገኛት የአንቺን በር አንኳኪ ብያታለሁ፣ ትከፍችላታለሽ ወይ አለችኝ። እከፍታለሁ አልኳት። እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ እምቢ አይባልም። ያኔ ደግሞ ሥራው በር መክፈት ብቻ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ጠዋት አንኳኳች። አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላለች። ሻርፑን ስፈታው የአሥር ጣት ምልክት አየሁ። ልብስ ሰፊ ነኝና ዓይኔ ይለካል፤ የእያንዳንዱን ጣት ስፋት ዛሬም ልነግራችሁ እችላለሁ። ያደረገው ባሏ ነስሮ ነው። ምክንያቱን የሰማነው ከጎረቤቶቻቸው ነው፤ ሲናገራት መልስ መለሰችለት። ሌላ ምንም አላደረገችም።

ሆስፒታል ወሰድኳት። ከሁለት ወር በኋላ ሐኪሙ እንደገና መብራት አስገብቶ አይቶ፣ ጉሮሮዋ ድኗል፣ ድምፅዋ ሲፈልግ ይመጣል አለ። ሲፈልግ። እኔ ለደንበኛዬ ቀሚስሽ ሲፈልግ ይደርሳል ብላት ምን ትለኛለች? ፖሊስ ጣቢያም ሄድን። ቃሏን ትስጥ አሉ። ከየት አምጥታ? ሁሉንም አውቀዋለሁና እኔ ልስጥላት አልኩ። መርማሪው ለጋ ልጅ ነው፤ «እማማ፣ ተበዳይዋ እርስዎ አይደሉም» አለኝ። እንግዲያው ትጻፈው አልኩት፤ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጣት። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጣ ባዶውን ወረቀት መለሰችለት። መዝገቡ ያለ ቃል አይንቀሳቀስም ተባለ።

ከዚያ ወዲህ አፏ እኔ ሆንኩ። እሷ ጠርዝ ትቀመቅማለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፤ እጇ ንጹሕ ነው፣ ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው። የሚያናግራት ሰው ሲመጣ የምመልሰው እኔ ነኝ። ሻይ ትጠጫለሽ ሲሏት ትጠጣለች እላለሁ። ስኳር ሲሏት ሁለት እላለሁ። አንድ ቀን እጇን በስኒው ላይ ዘርግታ ስኳሩን ስትከለክል እንኳን፣ ዛሬ ትንሽ አሟት ነው ብዬ አስረድቼላታለሁ።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ፈረስ መጋላ አጠገብ አንድ ፎቅ ላይ እንደ እሷ የተጎዱ ሴቶች ይሰበሰባሉ። የምትመራቸው ማህሌት የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነው፣ ሲሰሟት እንቅልፍ ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን ወረቀት አድላ የሕይወታችሁን ወንዝ ሳሉ አለቻቸው። ውሃ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ለሚመጣላት የሐረር ሴት ወንዝ ሳዪ ይባላል? ዘቢባ ወረቀቱን አጣጥፋ የእጅጌ ልክ አወጣችበት። በዚያ ኮራሁባት።

ሦስት ሳምንት አጠገቧ ተቀምጬ የተጠየቀችውን ሁሉ መለስኩላት። ማህሌት ዛሬ እንዴት ነሽ ስትላት ደህና ናት፣ ትናንት ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም እላለሁ። በአራተኛው ሳምንት ማህሌት በር ላይ ያዘችኝና ውጭ እንድጠብቅ ለመነችኝ። ደረጃ ላይ መሆኑ ነው። ያመጣኋት እኔ፣ ደረጃ ላይ የምቀመጠው እኔ። ከዚያ በኋላ ሐሙስ በመጣ ቁጥር እዚያ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጬ የሴቶቹን ድምፅ በበሩ ስሰማ ከረምኩ። ሲያለቅሱ ይሰማኛል። ሲስቁም ይሰማኛል፤ ምን እንደሚያስቃቸው ግን ማንም አይነግረኝም።

በግንቦት አጋማሽ አንድ ሐሙስ፣ እዚያ ውስጥ ከወትሮው የበለጠ ሲሳቅ ቆየና ማህሌት ፈገግ ብላ ወጣች። ዘቢባ ዛሬ አንድ ቃል ተናገረች አለችኝ።  ምን አለች ብዬ ክንዷን ያዝኳት።

«እሱን እሷ ትንገርዎት፣ እትዬ» አለች።

ሰባት ወር ያበላሁ እኔ፣ ሌሊት ስትባንን ተነስቼ ያቀፍኳት እኔ፣ ቃሏን የሰማችው ግን ወንዝ የምታስለዋ ልጅ። ቤት እስክንደርስ ምን ነበር ያልሽው እያልኩ ጠየቅኳት። አንገቷን ደፍታ ሄደች። እውነቱን ልናገር፣ ተቀየምኳት። ራት ሳልበላ አደርኩ። እሷ ግን ጥሩ አድርጋ በላች።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ከዚያ ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ በሰኔ መጀመሪያ አንድ ሰኞ ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ዘቢባ ክር ልትገዛ ወጥታለች። ሦስት ሆነው በሩ ላይ ቆሙ፤ ፊት የቆሙት አባ ዓሊዪ ናቸው፣ የዘቢባ አባት ወንድም። ሰባ የሞላቸው፣ ጨዋ፣ ሲናገሩ መሬት መሬት የሚያዩ ሰው ናቸው፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የታሰረ አንድ ዙርባ ጫት በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ። ለዘቢባ የመጣ ነው፣ ዙሁር ሰግደን እስክንመለስ አደራ አሉኝና ወደ መስጊድ ሄዱ።

እኔ ጫት አልቅምም። ግን ሐረር ተወልዶ ጫት የማያውቅ የለም። ፀሐይ ያገኘው ጫት ይጠወልጋል፤ ከጠወለገ ደግሞ ማንም አይነካውም። አደራ የተባለ ነገር በእኔ እጅ ተበላሽቶ አያውቅም። ስለዚህ ምን አደረግሁ? ዙርባውን ፈታሁት። ቅጠሉን ገልጬ ውሃ እፍ እፍ አልኩበት፣ ሁለት ቦታ ከፈልኩት፣ በእርጥብ አቡጀዴ ጠቅልዬ ጥላ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እንዲያውም በሥራዬ ደስ ብሎኛል።

ሲመለሱ አባ ዓሊዪ የተፈታውን ማሰሪያ መሬት ላይ አዩ። ከዚያ ጠረጴዛውን አዩ። ፊታቸው በራ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ሁለቱም ተከተሏቸው። እጄን ይዘው መረቁኝ፣ እናቴን ሳይቀር መረቁ። ምን ተገኘ አልኳቸው። ያስረዱኝ ያኔ ነው። በእነሱ መንደር ለእርቅ የሚሄድ ሽማግሌ ጫት ይዞ ይሄዳል። ዙርባው ከነእስሩ ከተመለሰ እምቢታ ነው። ከተፈታ ቤቱ እሺ ብሏል ማለት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ነስሮን ይዘውት ይመጣሉ፣ ልጅቷም ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

በዚህ መሃል ዘቢባ ክሯን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የት ድረስ እንደሰማች አላውቅም። የተፈታውን ማሰሪያ ግን አየችው፤ እሷ ወጉን ታውቃለች። ከማሰሪያው ወደ እኔ ቀና ብላ ያየችኝን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። አንቺም ሰጠሽኝ የሚል ነበር። ሽማግሌዎቹን እጅ ነስታ አሳልፋ ገባች፣ ጫቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች፣ ይዛው ወደ ጓዳ ሄደች። ሄዳ ብትጥለው ደስታዬ ነበር፤ ዓይኔ ሊያየው አልፈለገም። ቆይቼ ስገባ ሁለት ቀሚሷን አጣጥፋ በፌስታል ከታለች።

የምትሄጂበት የለም ብዬ ጮህኩባት፣ ሱቁን ክፍት ትቼ ሽማግሌዎቹን ተከትዬ ሮጥኩ። አባ ዓሊዪን ፈረስ መጋላ ላይ፣ የድሬ ጠያራው መኪና እስኪሞላ ጥላ ስር ቆመው አገኘኋቸው። ትንፋሼ እየተቆራረጠ ነገሩን ነገርኳቸው። የፈታሁት እንዳይጠወልግ ብዬ ነው፣ እሺ ማለቴ አይደለም፣ ወጉን አላውቅም፣ ማንም አልነገረኝም። አንገቷን አይታችሁታል? የጣቱን ስፋት ልንገራችሁ? መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሰማኝ። እሳቸው መሬት መሬት እያዩ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ሥርጉት ልጄ» አሉ በመጨረሻ፤ «አንቺ በደግነት እንዳደረግሽው አምንሻለሁ፤ ወላሂ። ግን ጫቱ የመጣው ለእሷ ነው። አልተቀበልኩም የምትል ከሆነ እሷ ትበለን፣ ይዘነው እንመለሳለን። አንቺ ስለ እሷ ሺህ ጊዜ ብትምዪ አይሆንም።»

እሷ እኮ አትናገርም አልኳቸው።

«እንግዲያው ዝምታዋን እኛ እንዴት እንፍታው?» አሉኝ፤ እየተቆጡ አይደለም፤ በእውነት እየጠየቁኝ ነው። መኪናው ጡሩንባውን ነፋና ገቡ።

ማክሰኞና ረቡዕ ሥራ አልሠራሁም። ዘቢባን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ንግግር አስተማርኳት። አልሄድም በይ አልኳት። አምስት ፊደል ናት። አ ብለሽ ጀምሪ፣ የቀረውን እኔ እረዳሻለሁ። አንገቷን ደፍታ ትቀመቅማለች። እየጮህኩ መጣሁ። አፍ የለሽም ወይ? ሞተሽ ነው ከቤቱ የምትወጪው ወይ? ቅዳሜ እኮ እጅሽን ይዞ ሊወስድሽ ነው። አጠገባችን ያሉት ሰፊዎች መኪናቸውን አቁመው ይሰሙኛል፤ አንዱ ቀስ በይባት እትዬ አለኝ፣ እሱንም ሰደብኩት። ረቡዕ ማታ ላይ እንባዬ መጣ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ አደራሽን የበላሁት እኔ ነኝ፣ ፈቲያ በምን ዓይኗ ታየኛለች አልኳት። ዘቢባ የምትሠራውን አስቀምጣ በቁራጭ ጨርቅ ፊቴን ጠረገችልኝ። ጭራሽ እሷ እኔን ማባበል ጀመረች። ይህም ደግሞ አናደደኝ።

ሐሙስ ከስብሰባው በኋላ ማህሌትን ደረጃው ላይ ያዝኳት። ሁሉንም ታውቃለች፤ እንዴት እንዳወቀች እንጃ። ምን ላድርግ አልኳት። ደብዳቤ ልጻፍ? ቀበሌ ልሂድ? ዘበኛ ልቅጠር? ማህሌት በዚያ በሚያስተኛ ድምፅዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«እትዬ ሥርጉት፣ ቅዳሜ ዝም ማለት ይችላሉ?»

ይህን ለመስማት ነው ዩኒቨርሲቲ የሚገባው? ተናድጄ ደረጃውን ወረድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ግን ቆምኩ። ዝም ማለት እችላለሁ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፣ እንደማልችልም አወቅኩ። ከጀርባዬ ዘቢባ መጣች፤ ክንዴን ይዛ ወደ ቤት መራችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሴቶች የሚሰፋ ጨርቅ ይዘው መጡ። አንዷን አወቅኳት፤ ሙሉነሽ ናት፣ የሐሙስ ሴት፣ ለቅሶዋን ከበሩ ኋላ ሰምቼዋለሁ። ልክ እንድወስድላቸው አልቸኮሉም፤ ደጃፌ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ጨርቃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ማን ጠራችሁ ልል ስል ዘቢባ ሻይ አመጣችላቸው። ሙሉነሽ ስኳሯን ራሷ ጨመረች።

አራት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹና ነስሮ መጡ። ያኔ ከመርፌ መሰኪያዋ ትንሽ ትራስ ላይ ሰባት እስፒል ነቅዬ በከንፈሬ ደረደርኩ። ልብስ ሰፊ እስፒል በከንፈሩ ቢይዝ ማንም አይገረምም። መናገር ግን አይችልም፤ ከተናገረ ይውጠዋል። ዝም ለማለት ሌላ ዘዴ አላገኘሁም።

ነስሮ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ኮሌታው ጠማማ ነው፤ እሱን እንኳን ዝም ብዬ አለፍኩ። እጁን አየሁት፤ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል፣ ንጹሕ እጅ ነው። ቀስ ብሎ ተናገረ። ሸይጧን ነው ያሳሳተኝ፣ አልፏል፣ እሷም ታውቃለች፣ ቤቱ ያለ እሷ ባዶ ሆኗል አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አባ ዓሊዪ ዱዓ አድርገው ወደ ዘቢባ ዞሩ። ባልሽ ተጸጽቷል፣ ጫቱም ተፈቷል፣ ቢስሚላህ ብለን እንነሳ ወይ አሏት።

ዘቢባ ዝም አለች።

ጎረቤቶቼ መኪናቸውን አቁመዋል። መኪና ግርግር በሥራ ቀን እንዲህ ጸጥ ብሎ አላውቅም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዝምታ እሺታ ነው አለ።  አይደለም፣ የምን እሺታ፣ ስምንት ወር እኮ ለሁሉም ዝም ብላለች፤ ይህ ሁሉ ምላሴ ላይ መጣ። አፌን ልከፍት ስል አንዱ እስፒል ከንፈሬን ወጋኝና ደም ቀመስኩ። በዚያች ቅጽበት ዘቢባ እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች። በስኒው ላይ የዘረጋችው እጅ ነው። ያን ቀን ምን ማለቷ እንደነበር አሁን ገባኝ።

ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ዙርባውን ይዛ ወጣች። አልጣለችውም ነበር። ሰኞ ዕለት ያንኑ ጫት ሰብስባ፣ በዚያው የኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ ከቀሚስ በተረፈ ቁራጭ ጨርቅ አስራዋለች። ቋጠሮው ጥብቅ ነው። ውስጡ ጠቁሮ ደርቋል። አባ ዓሊዪ እግር ስር አስቀመጠችውና ቆመች። አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ደግማ ከፈተች። ሦስተኛው ላይ ወጣ።

«አባ ዓሊዪ፣ ጫቱ የመጣው ለእኔ ነው። የፈታችው አዴ ሥርጉት ናት፤ እንዳይጠወልግ ብላ። እኔ መልሼ አስሬዋለሁ።»

ድሮ አዴ ብላ በአክብሮት ስትጠራኝ ቀጭን ድምፅ ነበራት። አሁን ዘይት እንዳልነካው መኪና ሻካራ ነው። ግን ድምፅ ነው። እስፒሎቹ በከንፈሬ ላይ ይንቀጠቀጣሉ።

ነስሮ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ አስጠንተዋት ነው፣ እነዚህ ሴቶች ናቸው አለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ በለሰለሰ አፍ ቤትሽ አይሻልሽም ወይ አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ቀሚሷን በእጇ ጨበጠች።

«ሁለተኛ አትናገሪኝ ብለህ ነው አንገቴን የያዝከው» አለችው። «ስምንት ወር ለማንም አልተናገርኩም። አንተ የሌለህበት ቦታም አልተናገርኩም። ይበቃኛል። አልሄድም።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች ሦስቱም ተነስተው ቆመዋል። አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ ጨርቃቸውን እንደያዙ ቆሙ ብቻ።  አባ ዓሊዪ ጎንበስ ብለው ዙርባውን አነሱ፣ ቋጠሮውን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ሰምተናል» አሉ። «ይህን ይዘን ከመምጣታችን በፊት አንቺን መጠየቅ ነበረብን። አላህ ይቅር ይበለን።» ነስሮ ገና አፉን ሲከፍት፣ ተነስ፣ አሉት፤ ተነሳ። ጠማማ ኮሌታውን እንደያዘ ወጥቶ ሄደ።

እስፒሎቹን መዳፌ ላይ ተፋኋቸው። ሰባቱም አሉ። ከዚያ በእስፒሎቹ የታፈነው ሁሉ ወጣ። አየሽ፣ ብዬሽ አልነበረም፣ አ ብለሽ ጀምሪ ያልኩሽ ይህንኑ ነው፤ ሰኞ በጠዋት ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን፣ ያን መርማሪ ልጅ አገኘውና ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግረዋለሁ፣ ጥቅምት ላይ እንዴት እንዳንኳኳሽ፣ ሻርፑን እንዴት እንደፈታሁት እያልኩ ቀጠልኩ። ዘቢባ ቁጭ ብላ አየችኝ።

«አቦ፣ አዴ ሥርጉት» አለች። «እኔ እነግረዋለሁ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም እንደመሳቅ አልኩ። ግን ወር ሙሉ የበላኝን ነገር መተው አልቻልኩም፤ ያን ቀን ሐሙስ የተናገርሽው ቃል ምን ነበር አልኳት። ዘቢባ ወደ ሙሉነሽ አየች። ሙሉነሽ ጨርቋን አፏ ላይ አደረገች።

«ማህሌት ቤታችሁ ውስጥ ምን እንዲኖር ትፈልጋላችሁ ብላ ጠየቀችን» አለች ዘቢባ። «አንዷ ፍሪጅ አለች፣ አንዷ ሰላም አለች። እኔ ጸጥታ አልኩ።»

በበሩ የሰማሁት ያ ሁሉ ሳቅ ይህ ነበር ለካ።  መቀሴን አንስቼ የማን እንደሆነ የማላውቀውን ጨርቅ መቁረጥ ጀመርኩ። ከፍቶኛል፤ መቼም ሰው ነኝ። ስምንት ወር አፍ ሆኜላት ጸጥታ ተመኘች። እየቆረጥኩ ግን ሳህሉ ትዝ አለኝ። እጄን አላነሳሁባትም፤ ነገር ግን እሱ ወሬዬን እንዳላስጨረሰኝ እኔም እሷን አላስጀመርኳትም። እኔ ከእሱ የተሻልኩ መስሎኝ ነበር። በጣም አፈርኩ። ዘቢባ አጠገቤ መጥታ ጨርቁን ከእጄ ወሰደች፣ ተሳስተሽ እየቆረጥሽ ነው አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የሙሉነሽን ጨርቅ አበላሽቼ ነበር።

ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ያው መርማሪ ነው። ዘቢባን ይዟት ገባ፣ እኔ ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት አለፈ። በበሩ ሻካራ ድምፅዋ ይመጣል፤ ይቆማል፣ ውሃ ይጠየቃል፣ ደግሞ ይቀጥላል። አንዳንዱን ቦታ ተሳስታለች፤ ሻርፑ ሰማያዊ ነው ስትል ሰማሁ፣ አረንጓዴ ነበር። ተነስቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ምሳ ሰዓት አለፈኝ፣ ወገቤን አመመኝ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ያሉትን እስፒሎች ቆጠርኳቸው።

በመጨረሻ መርማሪው ስድስት ገጽ ወረቀት ይዞ ወጣ። ዘቢባ ከኋላው ናት፤ ዓይኗ አብጧል፣ ትከሻዋ ግን ቀጥ ብሏል። ልጁ እኔን ሲያይ ያለፈውን ጊዜ አስታወሰ መሰለኝ፣ ትንሽ ፈራ አለ።

«እማማ፣ እርስዎ የሚጨምሩት ነገር አለ?» አለኝ።

ዘቢባን አየኋት። ምንም ምልክት አልሰጠችኝም።

«የለኝም» አልኩት።